ከእጅ የሚጀምር ትምህርት፦ የፍሬድሪክ ፍሮቤል ሕይወትና ሥራ

ልጆቻቸውን በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስመዘገቡ ወላጆች አዘውትረው የሚያነሡት ቅሬታ አለ። ልጁ ፊደልና ቁጥር መማር ሲገባው ወረቀት ሲያጥፍ፣ ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ በእንጨት ቤት ሲሠራ ይውላል የሚል ነው። ይህ አሠራር ከምን እንደ ተነሣ ለመረዳት የአንድን ጀርመናዊ መምህር ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬድሪክ ፍሮቤል ኤፕሪል 21 ቀን 1782 በቱሪንጂያ ምድር፣ ኦበርቫይስባህ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። እናቱ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ስለ ሞተች በእንጀራ እናት ቤት ፍቅር የጎደለው ልጅነት አሳለፈ፤ አሥር ዓመት ሲሆነውም አጎቱ ወስዶ አሳደገው። ወጣት ሳለ በአንድ የደን ባለሙያ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ። ቀጥሎ በየና ዩኒቨርሲቲ መማር ቢጀምርም ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለዘጠኝ ሳምንታት ታሰረ። በ1805 ፍራንክፈርት የገባው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ለመማር ነበር። በዚያ ያገኘው የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ግን የሚስማማህ መምህርነት ነው ብሎ አሳመነው፤ ፍሮቤልም በክፍል ውስጥ በቆመ ጊዜ የሚፈልገውን እንዳገኘ ዐወቀ።

ከ1808 እስከ 1810 በስዊዘርላንድ፣ ይቨርዶን ከታዋቂው የትምህርት ሊቅ ከፔስታሎትሲ ዘንድ ቆየ። ፔስታሎትሲ ልጅ ከቃል አስቀድሞ ነገሩን በዐይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ይማር የሚል መምህር ነበር። ፍሮቤል ይህን ትምህርት ይዞ ወደ በርሊን ሄደና የማዕድናትን ጠባይ አጠና፤ በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ በ1813 ከዘመተ በኋላም በዚያው ከተማ በማዕድናት ቤተ መዘክር በረዳትነት ሠራ። ለሥዕልና ለቅርጽ ትምህርት ትልቁ ፍሬ የተገኘው ምናልባት ከዚህ ሥራ ነው። የማዕድናት ክሪስታሎች ቅርጽ ከቀላል ወደ ውስብስብ በሥርዐት እንደሚያድግ አስተዋለ፤ የልጅም አእምሮ እንዲሁ ያድጋል ብሎ አመነ።

በ1816 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ካይልሃው ወደምትባል መንደር አዛወረው። በ1826 ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ዋና መጽሐፉን አሳተመ። ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው ዕድሜው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለትንንሽ ልጆች የሚሆኑ የመማሪያ ዕቃዎችን ማሠራት ጀመረ፤ ስማቸውንም ስጦታዎች አለ።

የመጀመሪያው ስጦታ በክር የሚንጠለጠሉ ስድስት ባለ ቀለም የሱፍ ኳሶች ነው። ሁለተኛው የእንጨት ሉልና ኩብ ሲሆን ሲሊንደር ኋላ ተጨምሮበታል። ሦስተኛው በስምንት ትንንሽ ኩቦች የተከፈለ አንድ ኩብ ነው። ልጁ በስምንቱ ኩቦች ወንበርና ደረጃ ይሠራል፤ ያንኑ ዕቃ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ጌጥ አድርጎ ይደረድረዋል፤ ግማሽንና ሩብንም ይቈጥርበታል። በዚህ ጨዋታ አንዲት ቁራጭ እንኳ ሳትቀር ሁሉም መግባት አለባት፤ አዲስ ነገር የሚሠራውም የቀደመውን አፍርሶ ሳይሆን ቀስ በቀስ ለውጦ ነው። ስለዚህ የንድፍ፣ የውበትና የሒሳብ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ከስጦታዎቹ ቀጥሎ የእጅ ሥራዎች ይመጣሉ፦ ወረቀት ማጠፍና መቍረጥ፣ ማስዋብና መሸመን፣ በካሬ መስመር ላይ መሣል፣ በሸክላ ጭቃ ቅርጽ ማውጣት። በውኃ የራሰ አተርን እንደ መጋጠሚያ አድርጎ ቀጫጭን እንጨቶችን እየሰኩ ቤትና ድልድይ መሥራትም ከእነዚሁ አንዱ ነው። አተርም ስንጥርም ከማንም ወጥ ቤት አይጠፋም። ከአገዳ መኪና፣ ከጭቃ በሬ እየሠራ ላደገ የአገራችን ልጅ ይህ ትምህርት እንግዳ አይሆንበትም።

ጁን 28 ቀን 1840 ፍሮቤል ለተቋሙ ስም አወጣለት፤ በጀርመንኛ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ልጁ ተክል፣ መምህሩ አትክልተኛ ነው። እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ከዚህ የተወለደ ነው። ፍሮቤል ሴቶችን በመምህርነት አሠለጠነ፤ ይህም በዘመኑ ለሴቶች የሙያ በር የከፈተ እርምጃ ነበር።

ኦገስት 7 ቀን 1851 የፕሩሲያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን በአገሩ አገደ። ምክንያቱ እምነት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋሉ የሚል ነበር። በነገሩ ውስጥ የስም መምታታት ነበረበት፤ በጽሑፉ የተጠረጠረው የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮቤል ነበር። ሽማግሌው ግን ዘመኑን ሁሉ እግዚአብሔርን በፍጥረቱ ውስጥ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ውሳኔው የወጣው ከትምህርት ሚኒስቴር መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ፍሮቤል አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም። ጁን 21 ቀን 1852 በማሪንታል አረፈ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው።

በመካከሉ ያሠለጠናቸው ሴቶችና ወዳጆቹ ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች አደረሱት። በ1876 አንዲት አሜሪካዊት እናት በፊላደልፊያ ዐውደ ርእይ ስጦታዎቹን አይታ ለልጇ ገዛችለት፤ ልጁ ኋላ ታላቁ የሥነ ሕንፃ ሰው ፍራንክ ሎይድ ራይት ሆነ። በእነዚያ የእንጨት ኩቦች የተጫወተው ጨዋታ የሙያው መሠረት እንደ ሆነም በሽምግልናው መስክሯል። በፍሮቤል ዘዴ ያስተምር የነበረው ዮሐንስ ኢተን ደግሞ ከ1919 ጀምሮ በቫይማር፣ በባውሃውስ የንድፍ ትምህርት ቤት የመግቢያውን ትምህርት መርቷል። ቫይማር የምትገኘው በዚያው በቱሪንጂያ ነው።

የፍሮቤል መቃብር በሽቫይና መንደር ነው። በላዩ የቆመው ሐውልት ሦስት ድንጋይ ነው፤ ከታች ኩብ፣ በላዩ ሲሊንደር፣ ከሁሉ በላይ ሉል።