ሬይሞን ቪየሳንስ፦ የልብን በሮች የመረመረ ሐኪም

ሬይሞን ቪየሳንስ ስማቸው በሰው ልብ አካል ላይ ተተክሎ ከቀረ ጥንታውያን ሐኪሞች አንዱ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በሞንፔሊዬ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1671 የቅዱስ ኤልዋ ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በ1706 ባወጣው ሥራው፣ በልብ ደም ቅዳዎች ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ በመላክ የልብን ጥቃቅን ሥሮች አካሄድ ገለጸ። ትልቁ የልብ ደም መልስ ከኮሮናሪ ሳይነስ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ያለው ስስ ክዳን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የልብ ምት ማስተካከያ ሽቦ በዚያ በኩል የሚያስገቡ ሐኪሞችም አንዳንዴ ይኸው ክዳን ያግዳቸዋል።

የቪየሳንስ ታላቅነት ግን በሕይወት ሳለ በበሽተኛው ላይ ያየውን ምልክት ከሞተ በኋላ በአስከሬኑ ካገኘው ጉዳት ጋር ማዛመዱ ነው። ትንፋሹ ያጠረ፣ እግሮቹ ያበጡ፣ የደም ትርታው የደከመና የተዛባ አንድ በሽተኛ በሞተ ጊዜ ልቡን ከፍቶ ቢመረምር፣ ሚትራል ቫልቩ እንደ አጥንት ጠንክሮ፣ መተላለፊያውም እጅግ ጠቦ አገኘው። ደሙ ወደ ሳንባ የተጠራቀመው በዚህ ምክንያት መሆኑን ተረዳ። ይህንንም በ1715 በታተመው መጽሐፉ አስፍሮ በዚያው ዓመት አረፈ። ምክንያቱን ቢያውቅም፣ የሚያድንበት መድኃኒት ግን አልነበረውም።

በኢትዮጵያ ይህን የቫልቭ ጥበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በልጅነት የሚይዝ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ቤተሰብ ተጠጋግቶ በሚኖርባት በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ትኩሳቱን የሚቀሰቅሰው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ፣ ቪየሳንስ በአስከሬን ላይ ብቻ ያየው ጉዳት ከመነሻው ሊቀር ይችላል።