የመተማን መንገድ የጠረጉ መኮንን፤ የፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሕይወት ታሪክ

እኛ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ሕንድን የምናውቃት ከሁሉ በፊት በመምህሮቿ ነው። ወላጆቻችን ሒሳብና ፊዚክስ ከሕንድ መምህራን ተምረዋል፤ ከኛም መካከል ብዙዎች በዩኒቨርሲቲ ተምረናል። የሕንድ ወታደር በሀገራችን ምድር ደሙን ማፍሰሱን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞቻችንን ውለታ ስናስብ፣ ከሩቅ አገር መጥተው ከጎናቸው የተሰለፉትን ስም የሚያነሣልን እምብዛም የለም። ስለዚህ በዚህ እትም የአንዱን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። እኚህን ሰው የመረጥንበትም ምክንያት አለን። ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ የሠሩት በኢትዮጵያ ምድር ላይ፣ በ22 ዓመታቸው፣ ማለት በኛው ዕድሜ ሳሉ ነው።

ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ጥቅምት 4 ቀን 1911 ዓ.ም. በሰሜን ሕንድ በጎራክፑር ተወለዱ። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ። እርሳቸውም በዴህራ ዱን ከተማ በሚገኘው የወታደር ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም በዚያው ከተማ ካለው የሕንድ ጦር አካዳሚ ገብተው፣ በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ የምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ ተቀበሉ። የተመደቡት በቦምቤይ መሐንዲስ ጦር ነው። መሐንዲስ ጦር መንገድ የሚጠርግ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ጠላት የቀበረውን ፈንጂ ፈልጎ የሚያወጣ ክፍል ነው። በዚህ ጦር ውስጥ ሲኮች፣ ማራታዎችና ሙስሊሞች ጎን ለጎን ያገለግሉ ነበር።

ስለ ሲኮች እዚህ ላይ ጥቂት ማለት ይገባናል። ሲኮች ሃይማኖታቸው በፑንጃብ የተመሠረተ፣ ጠጉራቸውን የማይቆረጡ፣ በጥምጥማቸው የሚታወቁ ሕዝብ ናቸው። ከሕንድ ሕዝብ በቁጥር ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች በሠራዊቱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ከቁጥራቸው እጅግ የበለጠ ነበር። በመጀመሪያው ጦርነት በፈረንሳይ፣ በጋሊፖሊና በመስጴጦምያ፣ በሁለተኛውም በሰሜን አፍሪካ፣ በኢጣልያና በበርማ ተዋግተዋል። በሁለተኛው ጦርነት መላው የሕንድ ሠራዊት ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ደርሶ ነበር፤ ይህም ሁሉ በግዳጅ ሳይሆን በፈቃዱ የተመዘገበ ነው። ከዚህ ሠራዊት 4ኛውና 5ኛው ክፍለ ጦር በሱዳን በኩል ወደኛ አቅጣጫ ዘመቱ። ወጣቱ ባጋትም ከ5ኛው ክፍለ ጦር ጋር መጡ።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ፣ ከሱዳኗ ጋላባት የሚለያት አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ በገባች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ወታደሮቿ ወንዙን ተሻግረው ጋላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ጋላባትን መልሶ ቢወስድም፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ስለ በረቱበት ለቆ ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። ባጋት ጦርነት ምን እንደሆነ ያዩት እዚህ ነው።

በጥር ወር ነገሩ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ወደ ሀገራቸው ገቡ። ከጥር 23 ቀን ሌሊት ጀምሮም የኢጣልያ ጦር መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ማፈግፈግ ያዘ። የሚያሳድደው ጦር ግን እንደልቡ ሊሮጥ አልቻለም፤ ጠላት መንገዱንና የመንገዱን ዳር በፈንጂ ሞልቶት ሄዶ ነበርና። ምክትል መቶ አለቃ ባጋት ጥቂት መሐንዲስ ወታደሮች ይዘው መንገዱን እንዲከፍቱ ታዘዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የ4 ቀን ሥራ ነው። ባጋት በመጀመሪያው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሆነው ከሁሉ ፊት ይሄዱ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት እየሠሩ፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ፈንጂ የተቀበረባቸውን 15 ቦታዎች አግኝተው አስጠረጉ። ሁለት ጊዜ የተሳፈሩበት ተሽከርካሪ ፈንጂ ረግጦ ፈነዳ፤ አብረዋቸው የነበሩትም ተጎዱ። ሦስተኛ ጊዜ ጠላት አድፍጦ ከቅርብ ተኮሰባቸው። አንዱ የጆሮአቸው ታምቡር ተበሳ፣ ሰውነታቸውም ዛለ። ሌላ መኮንን ይተካዎ ቢባሉ እምቢ አሉ። ምክንያታቸውም ጀግንነት ለማሳየት አልነበረም፤ የፈንጂውን አቀባበር ከሌላው ይልቅ አሁን እኔ ለምጄዋለሁና ሥራውን ብጨርሰው ይሻላል የሚል ነበር። በጠቅላላው 96 ሰዓት እንዲህ ቆዩ። ለዚህም የእንግሊዝ መንግሥት ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን የሆነውን የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ያገኙ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን እርሳቸው ናቸው።

ባጋት ከዚያ በኋላም በሕንድ ሠራዊት ውስጥ እስከ ሌፍተናንት ጄኔራልነት ደረሱ። በ1955 ዓ.ም. ሕንድ በቻይና ጦር በተሸነፈች ጊዜ፣ የሽንፈቱን ምክንያት እንዲመረምሩ ከተሾሙት ሁለት መኮንኖች አንዱ ነበሩ። የጻፉት ሪፖርት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በምሥጢር ተይዞ ኖሯል። የሠራዊቱ ጠቅላይ አዛዥ ይሆናሉ ተብለው ሲጠበቁም፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት አዛዥ ዘመን ስለ ተራዘመ ሳይሾሙ ቀሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የዳሞዳርን ሸለቆ የግድብና የኤሌክትሪክ ድርጅት በሊቀ መንበርነት ሲመሩ፣ ግንቦት 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ከጓደኞቻችን መካከል አንድ ጥያቄ የሚያነሡ አሉ። ሕንዳውያኑ የተዋጉት ለእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ነው፤ ታዲያ እኛ ምን ውለታ አለብን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባጋት የመተማን መንገድ ሲጠርጉ የገዛ ሀገራቸው ነጻ አልነበረችም፤ ሕንድ ነጻ የወጣችው ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞቻችን በመሆናቸውም የነጻነቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አያከራክርም። ነገር ግን መንግሥት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ፈንጂ ላይ የተንበረከከው ሰው የሠራው ሌላ ነው። ለማንም መንግሥት ይሁን፣ ከዚያ መንገድ የወጣው ፈንጂ የአርማጭሆን ገበሬና የከብቱን እግር ከመቆረጥ አድኗል። የኛም ወገኖች ከቅርቡ ጦርነት በተረፈ ፈንጂ ሲጎዱ ስላየን፣ ይህ ሥራ ምን ዋጋ እንዳለው ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህን ዕዳ በመቁጠር ብቻ መተው አይገባንም። በከረን የጦር መቃብር ውስጥ፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ የ285 የሲክና የሂንዱ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። በኛ በሐይቆቹ አካባቢም በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች ተዋግተዋል። የነዚህን ሰዎች ታሪክ ከየመንደሩ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ከየመዝገቡ ፈልጎ መጻፍ የሐዋሳ ተማሪዎች ተግባር ነው እንላለን። የምሕንድስና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ፣ ከኒሻኖች ሁሉ ትልቁ አንድ ጊዜ ማንንም ባለመግደል፣ በእውቀትና በትዕግሥት ሰውን ከሞት በማዳን መገኘቱን ያስታውሱልን።