ዦአኪም ባራንድ እና የቦሄሚያ ትሪሎባይቶች

የጥንት አለቶችን ዘመን በቅሪተ አካላት ቅደም ተከተል የመወሰን ዘዴ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሲዳብር፣ የፈረንሳዊውን የዦአኪም ባራንድን ያህል ዕድሜውን ለትሪሎባይቶች ጥናት የሰጠ ተመራማሪ ጥቂት ነው። ሥራው ሁለት ገጽታ አለው፤ አንዱ ለኋለኞቹ ተመራማሪዎች መሠረት የሆነ የዝርያዎች ምደባ፣ ሌላው ለረጅም ዓመታት ሲሟገትለት ቆይቶ የወደቀ ንድፈ ሐሳብ ነው።

ባራንድ እ.ኤ.አ. በ1799 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሶግ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተምሮ መሐንዲስ ከሆነ በኋላ የንጉሥ ሻርል 10ኛ የልጅ ልጅ የነበረው የአንሪ መምህር ሆነ። በ1830ው አብዮት ንጉሡ ከዙፋኑ ሲወርድ ባራንድም የንጉሡን ቤተሰብ ተከትሎ ተሰደደ። በብሪታንያ በኩል አልፎ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው በቦሄሚያ፣ በፕራግ ከተማ ተቀመጠ። በዚያም በፈረስ ለሚጎተት ባቡር የሐዲድ መስመር ሲያጠና፣ በስክሪዬ መንደር አቅራቢያ ያጋጠሙት ቅሪተ አካላት የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጡት።

ትሪሎባይቶች አካላቸው ከራስ እስከ ጅራት በሦስት ትይዩ ክፍሎች የተከፈለ፣ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ነበሩ። ከ520 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ታይተው፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈጽሞ ጠፍተዋል። ዝርያዎቻቸው በየዘመኑ ስለተለዋወጡ በአንድ ንብርብር ውስጥ የሚገኘው ዝርያ የንብርብሩን አንጻራዊ ዘመን ያመለክታል። ይህ የሚሆነው ግን ዝርያው በትክክል ሲለይ ነው፤ የምደባ ስህተት የዘመን ስህተትን ይወልዳል።

የባራንድ ጥንቃቄ በዚህ ረገድ ጎልቶ ይታያል። ሃውሌና ኮርዳ በ1847 በፕራግ ባሳተሙት ሥራ፣ በመጠንና በቅርጽ የሚለያዩ በርካታ ናሙናዎችን በተለያዩ ወገኖችና ዝርያዎች መድበው ለየብቻ ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ባራንድ ናሙናዎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ በተርታ ሲደረድራቸው፣ የደረት አንጓዎቻቸው ቁጥር ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንደሚሄድ ተገነዘበ። ስለዚህም ሁሉም ሳኦ ሂርሱታ የተባለው የአንድ ዝርያ የዕድገት ደረጃዎች መሆናቸውን አሳየ። ሃያ ያህል ደረጃዎችንም ለይቶ ገለጸ።

ስለ ቦሄሚያ የሲሉሪያን ሥርዓት የሚተርከው ታላቅ ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ በ1852 ታተመ። ባራንድ ቼክኛ ተምሮ፣ የድንጋይ ካባ ሠራተኞችን አሠልጥኖና ደመወዝ ከፍሎ ናሙና ያሰበስብ ነበር። የኅትመቱን ወጪ ለመሸፈንም የቀድሞ ተማሪው አንሪ ረድቶታል። ሥራው በሕይወት ዘመኑ 22 ቅጾች ሲደርስ፣ ከ3,500 በላይ ዝርያዎች ተገልጸውበታል።

ባራንድ የቦሄሚያን ቅሪተ አካላት ቀዳማዊ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በማለት በሦስት የእንስሳት ስብስቦች ከፈለ፤ ቀዳማዊው ከካምብሪያን፣ ሁለተኛው ከኦርዶቪሺያን፣ ሦስተኛው ከሲሉሪያንና ከዴቮኒያን ጋር በጥቅሉ ይዛመዳል። ሆኖም በሁለተኛው ስብስብ አለቶች መካከል የሦስተኛው ቅሪተ አካላት ያሉባቸው ቀጫጭን ንብርብሮች ተገኙ። ባራንድ እነዚህን ቅኝ ሰፈሮች ብሎ ሰየማቸው። በእርሱ አስተያየት የሦስተኛው ስብስብ እንስሳት ቀደም ብለው በሌላ ባሕር ይኖሩ ነበር፤ ወደ ቦሄሚያ ለጊዜው ፈልሰው ጠፉ፣ በኋላም ተመልሰው ሰፈሩ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ቅሪተ አካላት የያዙ ንብርብሮች የአንድ ዘመን ናቸው የሚለው መርሕ ይናጋ ነበር።

ክሬይቺን የመሳሰሉ የአገሩ ጂኦሎጂስቶች ግን ንብርብሮቹ ከቦታቸው የተዛነፉት በአለቶች መታጠፍና መሰበር ነው ሲሉ ተከራከሩ። ባራንድ ከ1861 እስከ 1881 በአምስት ክፍሎች የመከላከያ ጽሑፍ አሳተመ፤ ከቅኝ ሰፈሮቹ አንዱንም በክሬይቺ ስም ጠራው። በ1880 የካምብሪጁ ጆን ማር ቦታዎቹን መርምሮ በተለይ በግራፕቶላይቶች ማስረጃ የስብራቱን ማብራሪያ አጸና። ባራንድ ግን አልተቀበለውም።

ባራንድ አንሪ ከሞተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1883 በኦስትሪያ፣ በፍሮስዶርፍ አረፈ። ስብስቡን ለፕራግ ሙዚየም አውርሷል።

የባራንድ ስህተት ከዝርያዎቹ ምደባ የመነጨ አልነበረም። በቅኝ ሰፈሮቹ የተገኙት እንስሳት በርግጥ የሦስተኛው ስብስብ አባላት ነበሩ። የሳተው ንብርብሮቹ እንደተደላደሉ ናቸው ብሎ መቀበሉ ነው። ተቃዋሚዎቹም አለቱ እንደተዛነፈ ሊያስረዱ የቻሉት የእርሱ ምደባ አስተማማኝ ስለነበረ ጭምር ነው። በ1972 የሲሉሪያንና የዴቮኒያን ዘመናት ዓለም አቀፍ ወሰን የተተከለው በስሙ ባራንዲያን በሚባለው አካባቢ፣ በክሎንክ ኮረብታ ላይ ነው፤ ባራንድ በሙሉ ሲሉሪያን ብሎ በመዘገባቸው አለቶች መካከል ማለት ነው። ዋናው የወሰኑ ምልክት ግራፕቶላይት ሲሆን፣ ትሪሎባይትም ደጋፊ ምልክት ሆኖ ያገለግላል።