ኤድዊን ቻድዊክና የድሆች ጤና

ኤድዊን ቻድዊክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር አጠገብ ተወለደ። የተማረው ሕግ ሲሆን፣ ስሙ የገነነው ግን በድሆች ርዳታና በከተሞች ንጽሕና ነው።

በ1832 ኮሌራ እንግሊዝን ባስጨነቀበት ወቅት፣ ቻድዊክ የድሆችን ርዳታ ሕግ እንዲመረምር በተቋቋመው ጉባኤ ተመደበ። ርዳታ ሲበዛ ስንፍናን ያስከትላል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ስለዚህም በ1834 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ጉልበት ያለው ችግረኛ ርዳታ የሚያገኘው የድሆች የሥራ ቤት ሲገባ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያም ባልና ሚስት ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ኑሮው ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ሆን ተብሎ በመታሰቡ፣ ቻድዊክ በሕዝብ ዘንድ እጅግ ተጠላ።

ይሁን እንጂ የርዳታው ወጪ መንሥኤ ሲመረመር ሌላ እውነት ተገለጠ። በ1838 ሦስት ሐኪሞች የምሥራቅ ለንደንን የድሆች ሠፈሮች መረመሩ። አባወራው በተስቦ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ለልመና ይዳረጉ ነበርና፣ ድህነት በሽታን እንደሚያመጣ ሁሉ በሽታም ድህነትን እንደሚወልድ ታወቀ። ቻድዊክ በ1842 ባወጣው ዘገባ፣ በማንችስተር የባለሙያዎችና የባለጸጎች ቤተሰብ የሞት ዕድሜ በአማካይ 38 ዓመት ሲሆን፣ የሠራተኞቹ ግን የሕፃናት ሞት ተጨምሮበት 17 ብቻ መሆኑን አሳየ። መፍትሔውም በየቤቱ የማይቋረጥ የቧንቧ ውኃና ቆሻሻውን በውኃ ኃይል ጠርጎ የሚወስድ ጠባብ የሸክላ ቱቦ ነው አለ። ይህም ከሐኪም ይልቅ የመሐንዲስ ሥራ ነበር።

በ1848 የሕዝብ ጤና ሕግ ሲታወጅ ቻድዊክ የጤና ቦርድ አባል ሆነ። ነገር ግን በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው ብሎ ስላመነ፣ የለንደን ፍሳሽ እየታጠበ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲገባ ገፋፋ። ብዙ ሰው የሚጠጣው ውኃ የሚቀዳው ግን ከዚያው ወንዝ ነበር። በ1848 እና በ1849 ኮሌራ በለንደን 14,000 ያህል ሰው ሲገድል፣ ከወንዙ በስተደቡብ ያሉት ሠፈሮች ክፉኛ ተጎዱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1849 በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ቢጽፍም ቻድዊክ አልተቀበለውም።

በ1854 ከሥልጣኑ ተነሣ፤ በ1890 ሞተ። ፍሳሹን ከከተማው በታች የሚያሻግሩት ትላልቅ ቦዮች ከ1859 ጀምሮ በመሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጄት ተሠሩ። በ1866 ኮሌራ ዳግመኛ ሲመጣ ይበልጥ የጨረሰው ሥራው ያልተፈጸመበትን የምሥራቅ ለንደንን ድሃ ነበር። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ምጽዋት አስቀድሞ የተዘረጋን ንጹሕ ውኃ አይተካም፤ የቱቦው ጫፍ የት እንደሚደርስ ሳይመረመር የተዘረጋ መሥመርም የአንዱን ሠፈር ሞት ወደ ሌላው ያሻግራል።