ፍራንሲስ ፐርኪንስ እና የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ፤ ከአዋጅ በታች ያለው ሥራ

ስለ ፍራንሲስ ፐርኪንስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ስለመሆናቸው ነው። እውነት ነው፣ ከ1933 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስትር ነበሩ። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው ብዙ የማይወራለትን ሥራቸውን ነው፤ ይኸውም በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሠራተኛ ጉዳት ካሣ ሕግን የሚያስፈጽሙ ደንቦችን በማውጣትና በማሻሻል ያሳለፏቸውን ዓመታት። (የውጭ አገር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፐርኪንስ በ1880 በቦስተን ተወለዱ። በ1902 ከማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1910 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን አገኙ። በኒውዮርክ የሸማቾች ሊግ ውስጥ ሲሠሩ ዳቦ ቤቶችንና ፋብሪካዎችን እየዞሩ ሠራተኛው በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ያጠኑ ነበር።

በዚያን ጊዜ ማሽን እጁን የቆረጠው ሠራተኛ ምን መብት ነበረው? በወረቀት ላይ አሠሪውን መክሰስ ይችላል። ነገር ግን አሠሪው ሦስት መከላከያዎች ነበሩት። አንደኛ፣ ሠራተኛው ራሱ ትንሽም ቢሆን ተሳስቷል። ሁለተኛ፣ አደጋውን እያወቀ ሥራውን ተቀብሏል። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የሥራ ባልደረባው እንጂ የአሠሪው አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ከተሳካለት ሠራተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ታዲያ ማን ነው ሊረታ የሚችለው?

ኒውዮርክ ይህን ለመቀየር በ1910 የካሣ ሕግ አወጣች። የክፍለ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን መጋቢት 24 ቀን 1911 ሕጉን ሻረው። ምክንያቱም ጥፋት የሌለበትን አሠሪ ማስከፈል ያለ አግባብ ንብረቱን መውሰድ ነው የሚል ነበር። በማግስቱ መጋቢት 25 የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ፐርኪንስ በአቅራቢያው ስለነበሩ ሮጠው ደርሰው ሠራተኞቹ ከላይኛው ፎቅ ሲዘሉ በዓይናቸው አዩ። ባለቤቶቹ በወንጀል ተከሰው ነጻ ወጡ። በ1914 የፍትሐ ብሔር ክሶቹ ሲቋጩ የተከፈለው ለአንድ ሟች 75 ዶላር ነበር። ጥፋትን በማስረዳት ላይ የቆመ ሥርዓት የሰውን ሕይወት በስንት እንደሚተምን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከቃጠሎው በኋላ የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ አል ስሚዝ ነበሩ። ፐርኪንስ የኮሚሽኑን አባላት ይዘው ፋብሪካዎቹን አስጎበኙ። አንድ ጊዜም ዋግነርን የእሳት ማምለጫ ተብሎ በተጻፈበት ጠባብ ቀዳዳ አሾልከው በበረዶ ወደ ተሸፈነ መሰላል አስወጧቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ሪፖርት አንብቦ መረዳት አይቻልም እኮ!

በ1913 የክፍለ ግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ተሻሻለ፤ አዲሱ የካሣ ሕግም በ1914 ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 አጸናው። ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ያገኛል፤ አሠሪው ደግሞ መድን የመግባት ግዴታ አለበት። በምላሹም ሠራተኛው አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን ይተዋል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል። አዋጁ መብት ሰጠ፤ ግን ብዙ ጥያቄ ክፍት ተወ። ጉዳቱ በስንት ቀን ውስጥ ይነገር? አማካይ ደመወዝ እንዴት ይሰላል? የሐኪሙን ማስረጃ ማን ይመዝናል? መድን ሰጪው ክፍያ ቢያዘገይስ? ይህን ሁሉ የሚመልሰው ቢሮ ውስጥ የሚጻፈው ደንብና መመሪያ ነው። ደንቡ ካረጀ ወይም ክፍተት ካለበት መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አል ስሚዝ አገረ ገዥ ሲሆኑ በ1919 ፐርኪንስን የኢንዱስትሪ ኮሚሽን አባል አድርገው ሾሙ። ሴት ለዚህ ቦታ ትመጥናለች ወይ ያሉ ነበሩ። ስሚዝ በ1920 ምርጫ ሲሸነፉ ፐርኪንስም ቦታቸውን ለቀቁ፤ ስሚዝ ሲመለሱ ግን በ1923 የኢንዱስትሪ ቦርድ አባል፣ በ1926 ደግሞ ሰብሳቢ ሆኑ። ቦርዱ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው የካሣ ጉዳዮችን አይቶ መወሰን፣ ሁለተኛው የፋብሪካ ደኅንነት ደንቦችን ማውጣት። በእኔ አመለካከት የሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ መገናኘት ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ጣቱ የተቆረጠበትን ሰው ጉዳይ የሰማ ባለሥልጣን ከሰዓት በኋላ ስለ ማሽን መከለያ ደንብ ሲያወጣ ምን እንደጎደለ ያውቃል።

ጉዳዩ ለእሳቸው ከቢሮ ውጭም ቅርብ ነበር። ባለቤታቸው ፖል ዊልሰን በአእምሮ ሕመም ምክንያት መሥራት ስላቃታቸው የቤቱንና የአንድ ልጃቸውን ኃላፊነት የተሸከሙት ፐርኪንስ ነበሩ። የቤት ገቢ ድንገት ሲቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

በ1929 ሩዝቬልት የክፍለ ግዛቲቱ የኢንዱስትሪ ኮሚሽነር አደረጓቸው፤ በ1933 ደግሞ ወደ ዋሽንግተን ወሰዷቸው። በ1935 የወጣውን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ያረቀቀውን ኮሚቴ መሩ። የጉዳት ካሣ ግን በአብዛኛው የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በ1934 በሚኒስቴሩ ውስጥ የሠራተኛ ደረጃዎች ክፍል አቋቋሙ፤ ተግባሩም ክፍለ ግዛቶች ሕጎቻቸውንና ደንቦቻቸውን እንዲያሻሽሉ በምክርና በባለሙያ መርዳት ነበር። ማዘዝ አይችሉም፣ ማሳመን ግን ይችላሉ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ የመጨረሻዋ ክፍለ ግዛት ሚሲሲፒ የካሣ ሕግ ያወጣችው በ1948 ነው።

ሥራቸው ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። የ1935ቱ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ውጭ ትቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከጥበቃው ውጭ የቀረ ሰው ደንብ ቢሻሻልም ባይሻሻልም ለውጥ የለውም። ይህ ነጥብ ለእኛም ይነካናል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል፤ ኒውዮርክ በ1911 የተከለከለችው ማለት ይህንኑ ነው። ሆኖም በግለሰብ ቤት የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ውጭ ናቸው።

ፐርኪንስ ከ1957 ጀምሮ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1965 አረፉ። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አዋጅ እናጠናለን፣ የፍርድ ውሳኔም እንመረምራለን። መመሪያን ግን እንደ ጸሐፊ ሥራ አድርገን የማየት ነገር አለብን። የእሳቸው ሕይወት የሚያሳየን ግን ጉዳት የደረሰበት ሰው ቤት ገንዘቡ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው እዚያ መሆኑን ነው። መመሪያው መቼ ተሻሻለ፣ ማንን ረሳ ብሎ መጠየቅም የሕግ ትምህርት ነው።