ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና የአልጋው ሒሳብ

ከአርሲ ደጋ የመጣን ተማሪዎች ቃሬዛ ምን እንደ ሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሰባት ስምንት ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው፥ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ከኋላ እየተከተሉ፥ ወደ አሰላ ሲገሠግሡ በልጅነታችን አይተናል። በቃሬዛው ላይ ያለችው ብዙውን ጊዜ በምጥ የተያዘች ሴት ናት። አንዱን ቀን ይቀልላት ይሆናል ተብሎ በቤት ቆይታለች። ሁለተኛውን ቀን ዘመድ ተሰብስቦ ገንዘብ ሲፈልግ ቆይታለች። ሦስተኛው ቀን የመንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የሐኪም ቤቱ ደጅ ይመጣል፤ በዚያም ካርድ ማውጣትና ተራ መጠበቅ አለ።

ስሙን በማልጠራው በአንድ ሐኪም ቤት፥ እናቴን ለማሳከም ሄጄ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ነበር። ከሁላችንም ራቅ ብላ፥ ከግድግዳው ጥግ አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሽንቷን መቆጣጠር ስለማትችል ሰው እንዳይጸየፋት ራሷ ነበረች የራቀችው። ጧት ከእኛ በፊት መጥታለች፤ ማታ ስንወጣም እዚያው ነበረች። ተረኛዋ ነርስ አጥፍታለች ለማለት አልደፍርም። እግሩ የተሰበረ ሲመጣ ቀደመ፤ ደም የሚፈሳት ስትመጣ ቀደመች፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሲመጣ ቀደመ። እያንዳንዱ መቅደሙ ትክክል ነበር። ልጅቱ ግን በዚያ ቀን ስለማትሞት፥ በነገውም ቀን ስለማትሞት፥ ተራዋ መቼ ይደርሳል? የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንን ሕይወት እንዳነብና ለዚህ መጽሔት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ሐምሊን በ1908 በኒውዚላንድ ተወለዱ። የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ሆነው በአውስትራሊያ፥ በሲድኒ ከተማ በሚገኘው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምናው ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ሳሉ ኤክላምፕሲያ ከሚባለው፥ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት እየጨመረ እናቲቱን ከሚያንዘፈዝፍና ከሚገድል በሽታ ጋር ታገሉ። በሽተኛይቱ እየተንዘፈዘፈች እስክትመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፥ ነፍሰ ጡሮቹ ቶሎ ቶሎ እየመጡ እንዲታዩ፥ ክብደታቸው እንዲመዘን፥ ምልክቱ የታየባት ሴት ቀድማ እንድትተኛ ሥርዓት አወጡ። በሽታው በዚያ ሆስፒታል እጅግ ቀነሰ፤ ይህንንም በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ስለ አመጋገብ የሰጡት ትእዛዝ ዛሬ ሐኪሞች ሁሉ የሚቀበሉት አይደለም፤ ቀድሞ የማየቱ ነገር ግን ጸንቶ ቆሟል። በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩትን ዶክተር ካትሪን ኒኮልሰንን በ1950 አገቡ፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ የሁለቱም ነው፤ ምንም እንኳ እኔ ዛሬ የባልየውን ብጽፍ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈልግ በዚያው በላንሴት ማስታወቂያ ወጣ። ባልና ሚስቱ የሦስት ዓመት ውል ይዘው፥ ትንሽ ልጃቸውን አስከትለው በ1959 መጡ። የተመደቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር፤ ይኸውም በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። አንባቢ ያስታውስ እንደሆነ ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች፥ በ1942 በለቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት በ22 ዓመቷ ያረፈች ናት። የንጉሥ ልጅ ይህ ከገጠማት፥ ከጢቾ ወይም ከሮቤ በቃሬዛ ለምትመጣው ምን ይገጥማታል ብሎ ማሰብ ነው።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ጥቂት አዋላጆችንም ካሠለጠነ በኋላ ተዘጋ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፥ በበኩሌ ከባድ ስሕተት ነበር እላለሁ። የተቆጠበው የጥቂት አስተማሪዎችና የጥቂት ተማሪዎች ወጪ ነው። አንዲት አዋላጅ በገጠር ብትኖር ኖሮ ምጡ አላልፍ ማለቱን በመጀመሪያው ቀን አውቃ ትልካለች። አዋላጅ በሌለበት ግን ምጡ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ አጥንት ላይ ተጭኖ ሥጋዋን ያደርቀዋል፤ ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በሽንት ፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ በሽታው ራሱ የመቆየት ውጤት ነው ማለት ነው፤ የቆየችው ሴት ደግሞ ለመዳን እንደገና ወረፋ ትይዛለች።

ዶክተር ሐምሊን በአውስትራሊያ ፊስቱላን አያውቁትም ነበር ማለት ይቻላል፤ እዚያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች ከመጻሕፍትና ከሌሎች ሐኪሞች ጽሑፍ መማር ጀመሩ። ከሁሉም ይልቅ የረዳቸው በካይሮ ብዙ ፊስቱላ የጠገኑት የግብፁ ፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝ ሥራ ነበር። (የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስሙን ከሌላ ቦታ ያውቁታል፤ በ1988 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ስሙ የወጣለት በእኚሁ ሐኪም ነው፤ ያዋለዱት እሳቸው ነበሩና።)

አንዲት ሴት ስትድን ወሬው በየአገሩ ይሄዳል። ከአንዲቷ በኋላ አምስት መጡ፤ ከአምስቱ በኋላ ቁጥራቸው በዛ። እዚህ ላይ የአልጋው ሒሳብ ተነሣ። ፊስቱላ የተጠገነላት ሴት የሽንት ቱቦ ገብቶላት ቁስሉ እስኪያጥር ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ትተኛለች። በደኅና ወልዳ በሁለት ቀን የምትወጣ ሴት አልጋውን ብትይዘው፥ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር እናቶች ይስተናገዱበት ነበር። በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ይህ ሒሳብ ሁልጊዜ ለአሥሩ ይፈርዳል፤ አንዲቷም ከደጅ ትቀራለች። ያቺ በግድግዳው ጥግ ያየኋት ልጅ በዚህ ሒሳብ የተሸነፈች ናት።

ዶክተር ሐምሊን ሒሳቡን አልካዱትም። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይመስለኛል ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው። ከልግስና በተገኘ ገንዘብ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትንሽ ማረፊያ ሠሩ። ተራዋን የምትጠብቀው ሴት በውድ አልጋ ላይ ሳይሆን በማረፊያው ትጠብቃለች፤ ዋናው አልጋ ለቀዶ ጥገናው ቀንና ከዚያ በኋላ ላሉት ቀኖች ብቻ ይውላል። መጠበቁም ባዶ መጠበቅ አልነበረም። አብዛኞቹ በረኀብ ከስተው፥ ሽንቱ እንዲያቆም ብለው ለወራት ተኰራምተው በመተኛታቸው እግራቸው ተሳስሮ የመጡ ናቸውና፥ ቢላዋ ከመንካቱ በፊት መብላት፥ መታጠብና መራመድ ነበረባቸው። ይህ ሁሉ በማረፊያው ይፈጸማል። እንግዲህ ወረፋው ራሱ የሕክምናው ክፍል ሆነ።

ሁለተኛው ዘዴ የእጅ ነበር። የሠለጠነች ነርስ ማግኘት ቸገረ፤ የተገኘችውም ሽታውን የማትችል ትሆናለች። ዶክተር ሐምሊንና ባለቤታቸው ከዳኑት በሽተኞች መካከል ለመቅረት የፈለጉትን ሥራ አስያዙ። አልጋ ያነጥፋሉ፥ ያጥባሉ፥ አዲስ የመጣችውን ያጽናናሉ፤ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቃት የለምና። ከእነዚህ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ከመጀመሪያው ወሊዳቸው በኋላ ተጐድተው በወጣትነታቸው ከገጠር የመጡና ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። አልጋ ከማንጠፍ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገቡ፤ መሣሪያ ከማቀበል አልፈው፥ ዶክተር ሐምሊን እያሳዩአቸው ራሳቸው መጠገን ጀመሩ፤ በመጨረሻም ከውጭ አገር ለሚመጡ ሐኪሞች አስተማሪ ሆኑ። እኛ በዲግሪ ወረቀት የምንመካ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ትንሽ ቢያሳፍረን አይጐዳንም።

ማረፊያውም ጠበበ። ባልና ሚስቱ በየአገሩ እየዞሩ ገንዘብ ለምነው በ1974 በአዲስ አበባ፥ በወንዝ ዳር፥ ለፊስቱላ ብቻ የሆነ ሆስፒታል አቋቋሙ። ከዚህ በኋላ በወረፋው ላይ የሚቀድማት ስብራትም ቃጠሎም የለም። ዓመቱ ንጉሡ የወረዱበት ነው፤ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሲወጡ እነሱ ቀሩ፥ ደርግንም አሳልፈው ቆዩ። በሽተኛዋ ገንዘብ አትከፍልም። ስትወጣም አዲስ ቀሚስ ለብሳና የአውቶቡስ መሳፈሪያዋን ይዛ ትወጣለች፤ ይህ ደግሞ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ መሳፈሪያ ያጣች ሴት በማረፊያው ውስጥ የሌላዋን ቦታ ይዛ ትቀራለችና።

ይህን ሁሉ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለሆነ ጓደኛዬ ስነግረው ተከራከረኝ። ለአንዲት ሴት ቀዶ ጥገና፥ ለምግቧና ለሳምንታት አልጋዋ የሚወጣው ገንዘብ በገጠር ለአዋላጅ ቢውል ስንት ሴት ከነጭራሹ ሳትታመም ትቀር ነበር አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገትን። በቍጥሩ እሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ዶክተር ሐምሊን ወደ አገራችን የመጡት በመጀመሪያ ለዚያው ለአዋላጅነቱ መሆኑን፥ በሩ ሲዘጋባቸው ወደ ሌላው መዞራቸውን ረሳው። ደግሞም በደጅ የተቀመጠችውን፥ አዋላጆች እስኪበዙ ታገሺ ማለት አይቻልም። እሱም እኔም ሳንተማመን ተለያየን።

ያ የማረፊያ ሐሳብ በሌላ መልክ በገጠርም ታይቷል። በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ፥ አስጊ የሆነ እርግዝና ያላቸው ሴቶች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው መጥተው የሚሰነብቱበት ቤት ከፈተ። ዛሬ በአርሲ ወረዳዎችም በጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ የሚባለው ቤት አለ። ሴትየዋ ጎረቤቶቿ አጅበዋት፥ ገንፎዋን እየበላች የመውለጃ ቀኗን ትጠብቃለች። ወጪው ከቃሬዛውና ከሦስቱ ቀን ጋር ሲተያይ ምንም ያህል አይደለም።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1993 በአዲስ አበባ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። ባለቤታቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ ቀዶ ጥገናውን ሲሠሩ ኖረው በ2020፥ በ96 ዓመታቸው ከእሳቸው አጠገብ ተቀበሩ። ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፥ በመቐለ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ከፈተ፤ ከተመሠረተ ጀምሮ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። የአዋላጆች ኮሌጅም በ2007 ተከፈተ፤ ሴት ልጆችን ከየገጠሩ እየመረጠ ያስተምርና ወደመጡበት አገር ይመልሳቸዋል። ዶክተር ሐምሊን በ1959 የሦስት ዓመት ውል የፈረሙበት ሥራ ይኸው ነበር።