ቅድስት ጳውላ፦ ቅዱሳት መጻሕፍትን የመረመረች እናት

በዚህ እትማችን የምንዘክራት ቅድስት ጳውላ እ.ኤ.አ. በ347 ዓ.ም. በሮም ከታላቅ ቤተሰብ ተወለደች። የአምስት ልጆች እናት ስትሆን፣ በ32 ዓመቷ ባሏ ሞተባት። በ382 ዓ.ም. ቅዱስ ሄሮኒሞስ ወደ ሮም በመጣ ጊዜ ከእርሱ ቅዱሳት መጻሕፍትን መማር ጀመረች።

በ385 ዓ.ም. ከልጇ ከኤውስቶክዩም ጋር ወደ ምሥራቅ ተጓዘች። ትንሹ ልጇ በወደቡ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሲለምናት ልቧ ቢሰበርም አልተመለሰችም። በቤተ ልሔም በገንዘቧ ገዳማትንና የእንግዶች ማረፊያን አሠራች። ዕብራይስጥን ጠንቅቃ ስለ ተማረች መዝሙረ ዳዊትን በዚያው ቋንቋ ትዘምር ነበር። ብሉይንና ሐዲስን ከመምህሯ ጋር እያነበበች አጥብቃ ትጠይቅ ነበር፤ እርሱ አላውቅም ባለ ጊዜ እንኳ ከሊቃውንቱ አስተያየት የትኛው እንደሚሻል እንዲነግራት ትወተውተው ነበር።

ሄሮኒሞስ በርካታ ትርጓሜዎቹን ለእናትና ለልጅ አበረከተ። ለሴቶች መጻፉን ለነቀፉትም በትንቢተ ሶፎንያስ ትርጓሜው መቅድም፣ ወንዶች ዝም ባሉ ጊዜ ትንቢት የተናገረችውን ሕልዳናን በማስታወስ መልስ ሰጠ።

ጳውላ ሀብቷን ለድሆች አከፋፍላ፣ ለልጇ ዕዳ ብቻ ትታ፣ በ404 ዓ.ም. ዐረፈች።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ዛሬ ሴቶች በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ቅዱሳት መጻሕፍትን ያስተምራሉ። እንግዲህ በቁምስናችን የምትጠይቅ እናት ወይም ልጃገረድ ብትነሣ ዝም ልናሰኛት አይገባንም፤ ጥያቄዋ ለመምህሩም ትምህርት ነውና።